በቫይረስ ተኝቶ በባክቴሪያ መያዝ

አንድ የኮሮና ታማሚ ከሞጣ ወይም ከብቸና በአምቡላንስ ተጭኖ ይመጣል። ትንፋሽ አጥሮታል፤ የደሙ ኦክስጅን ወርዷል። ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ይተኛል። ኦክስጅን ይደረግለታል፣ ዴክሳሜታዞን ይጀመርለታል፤ በዚያው እግር «ለማንኛውም» ተብሎ ሁለት አንቲባዮቲክ፣ ማለትም ባክቴሪያን የሚመታ መድኃኒት፣ ይጨመርለታል፤ ሴፍትሪያክሶን በደም ሥር፣ አዚትሮማይሲን በአፍ ይታዘዝለታል። በአራተኛው ቀን ትኩሳቱ ይበርዳል፣ ቀና ብሎ አጥሚት ይጠጣል፣ ቤተሰቡም «ተመስገን» ይላል። በሰባተኛው ወይም በስምንተኛው ቀን ግን ትኩሳቱ ይመለሳል። አክታው ይወፍራል፤ ቀለሙም ይለወጣል። በደቂቃ 4 ሊትር ኦክስጅን ይበቃው የነበረ ሰው 10 ሊትርም አልበቃው ይላል። አስታማሚው «ኮሮናው አገረሸበት» ብሎ ያዝናል።

እንዲህ ዘግይቶ ለሚመጣ መባባስ ምክንያቱ ብዙ ነው። የሳንባ ደም ሥር በረጋ ደም ሊዘጋ ይችላል፤ ቫይረሱ ራሱ ያቆሰለው ሳንባም ሊብስበት ይችላል። አስቀድሞ መጠርጠር ያለበት ግን ሌላ ነው፤ ሆስፒታል ውስጥ የገባ ሁለተኛ ጀርም። ይህ ጀርም ባክቴሪያ ነው። ሴፍትሪያክሶን ሲንቆረቆርለት በሰነበተው ሰውነት ውስጥ ያደገ ስለሆነ ደግሞ ሴፍትሪያክሶን አይበግረውም። በእኛ አገር ታማሚውን የሚያገላብጠው፣ የሚያጎርሰው፣ ሽንቱን የሚደፋው በአብዛኛው ቤተሰብ ነው። ስለዚህ ነገሩን ሐኪሙ ብቻ ሳይሆን አስታማሚውም ጠንቅቆ ሊያውቀው ይገባል።

ቫይረስና ባክቴሪያ በስም ተቀራርበው ይጠሩ እንጂ አፈጣጠራቸው ለየቅል ነው። ባክቴሪያ በራሱ የቆመ ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ የራሱ ግድግዳ፣ የራሱ ፕሮቲን ማምረቻ አለው። አሞክሳሲሊንና ሴፍትሪያክሶን ያንን ግድግዳ ያፈርሳሉ፤ አዚትሮማይሲንና ዶክሲሳይክሊን ማምረቻውን ያቆማሉ። ቫይረስ ግድግዳም ማምረቻም የለውም፤ የሰውን ሕዋስ ተከራይቶ ነው የሚራባው። ስለዚህ አንቲባዮቲክ ቫይረሱ ላይ የሚመታው ነገር የለም። አዚትሮማይሲን ኮሮናን ያድናል የተባለበት ጊዜ ነበር። በእንግሊዝ በሺዎች በሚቆጠሩ የተኙ ታማሚዎች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ሲወጣ ከሞት ያዳነው ሰው እንደሌለ ታየ።

ቫይረሱ ታዲያ ለባክቴሪያው እንዴት መንገድ ይጠርጋል? የመተንፈሻ ቱቦ ውስጠኛው ገጽ ሽፋሽፍት በሚመስሉ ጥቃቅን ፀጉሮች የተሸፈነ ነው። ፀጉሮቹ ቀን ከሌት ወደ ላይ እየጠረጉ አቧራውንም ጀርሙንም ከአክታ ጋር ያወጣሉ። የኢንፍሉዌንዛ (የጉንፋን ወረርሽኝ) ቫይረስም ሆነ የኮሮና ቫይረስ ይህን ሽፋን ይልጠዋል። ጠራጊው ሲጠፋ አክታ ይጠራቀማል፤ ከአፍና ከጉሮሮ የሚወርደው ባክቴሪያ ወደ ሳንባ ሲገባ የሚመልሰው አያገኝም። በዚህ ላይ ሰውየው ጀርባው ላይ ተኝቷል፣ በደንብ አይስልም። በኦክስጅን ላይ ላለ ታማሚ በቀን 6 ሚሊ ግራም እስከ 10 ቀን የሚሰጠው ዴክሳሜታዞን ሕይወት አድን መድኃኒት ነው፤ መሰጠቱም ተገቢ ነው። ነገር ግን የሰውነትን መከላከያ ያለዝባል፣ የደም ስኳርንም ከፍ ያደርጋል። ስኳር ያለበት ሰው ከሆነ ደግሞ ባክቴሪያው የሚፈልገውን ሁሉ አገኘ ማለት ነው።

ይህ ነገር አዲስ አይደለም። በኅዳር 1911 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1918) አገራችን የደረሰው የኅዳር በሽታ፣ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቆሻሻ እየታጠነ የሚታሰበው፣ ዓለምን ያዳረሰው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ነበር። በዚያ ወረርሽኝ የሞቱ የ58 ሰዎች የሳንባ ቁራጭ አሜሪካ ውስጥ ተጠብቆ ቆይቶ ከ90 ዓመት በኋላ በማይክሮስኮፕ ሲመረመር፣ የባክቴሪያ የሳንባ ምች ምልክት ተገኘበት። አብዛኛውን ሰው የጨረሰው ቫይረሱ ብቻውን ሳይሆን ተከትሎት የገባው ባክቴሪያ ነው የሚለው ድምዳሜ የመጣው ከዚያ ነው። የዚያን ጊዜዎቹ ባክቴሪያዎች ግን ከሰፈር የሚመጡ፣ ፔኒሲሊን ቢኖር ኖሮ በቀላሉ የሚሞቱ ነበሩ። ፔኒሲሊን የተገኘው ከ10 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1928 ነው።

የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በኢትዮጵያ በታወቀበት በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ነገሩ ተገልብጦ ነበር። መድኃኒቱ በየመደርደሪያው ሞልቷል፤ ሐኪሞችም የኅዳርን በሽታ ዓይነት ነገር ፈርተው ለሁሉም አዘዙ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ65 አገሮች፣ ከ450,000 ያህል በኮሮና ከተኙ ሰዎች የሰበሰበው መረጃ የሚለው ግን ይህን ነው፦ አንቲባዮቲክ የሚያስፈልገው የባክቴሪያ ኢንፌክሽን አብሮ የነበረባቸው 8 በመቶው ብቻ ናቸው፤ አንቲባዮቲክ የተሰጣቸው ግን 75 በመቶው። አፍሪካ ውስጥ የተሰጣቸው 83 በመቶ ደርሷል። ከአሥር ሰው ስምንቱ ወሰደ፤ ያስፈለገው ግን ለአንዱ እንኳ በቅጡ አልሞላም።

«ባይጠቅምስ ምን ይጎዳል?» የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ይጎዳል።

የተላመደው ማን ነው?

ብዙ ሰው «ሰውነቴ መድኃኒቱን ለመደው» ይላል። የሚላመደው ሰውነት አይደለም፤ ጀርሙ ነው። ለዚህም ነው መድኃኒት ቀምሶ የማያውቅ ሕፃን እንኳ የተላመደ ጀርም ሊይዘው የሚችለው፤ የሚጋባው መድኃኒት የለመደው ጀርም ራሱ ነውና።

ጎዛምንም ሆነ ማቻከል ስንዴ የሚዘራ ገበሬ ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል። ማሳው ላይ ቱፎርዲ ሲረጭ ቅጠለ ሰፊው አረም ይረግፋል። ሲናር ግን አይነካውም፤ ሣር ነዋ። በዓመቱ አሁንም ቱፎርዲ ይረጫል። ሲናሩን ሲሻማው የነበረው አረም ሁሉ ስለሌለ ቦታው፣ እርጥበቱ፣ ማዳበሪያው ለእሱ ይሆናል። በሦስተኛው ዓመት ማሳው ሲናር ብቻ ይሆናል። መድኃኒቱ ሲናርን አልፈጠረም፤ ተቀናቃኙን ጠርጎ አነገሠው እንጂ።

የሰው አንጀትም እንዲሁ ማሳ ነው። በውስጡ እጅግ ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ ተሻምቶ ይኖራል፤ አብዛኛው ጉዳት የለውም፣ ይልቁንም ቦታ ይዞ መጥፎውን ይከላከላል። በሐሞት በኩል ወደ አንጀት የሚወርደው ሴፍትሪያክሶን ደጉን ይጨርሰዋል። ከመካከላቸው በአጋጣሚ መድኃኒቱን የሚቋቋም ጥቂት ባክቴሪያ ካለ፣ ወይም ከጎረቤት አልጋ በእጅ ከመጣ፣ ባዶ ማሳ አገኘ ማለት ነው። ምቹ ቦታ ያገኘ ባክቴሪያ በ20 ደቂቃ አንድ ጊዜ ለሁለት ይከፈላል። ሒሳቡን ብትሠሩት አንዱ በ7 ሰዓት ውስጥ ከ2 ሚሊዮን በላይ ይሆናል።

ባክቴሪያው የሚቋቋምበት ዘዴ ብዙ ነው። አንዳንዱ መድኃኒቱን የሚቆራርጥ ኢንዛይም ያመርታል። አንዳንዱ የገባበትን መድኃኒት እንደ ውሃ ፓምፕ መልሶ ይተፋዋል። ሌላው መድኃኒቱ የሚገባበትን ቀዳዳ ይዘጋል፤ ወይም መድኃኒቱ የሚይዝበትን ቦታ ቅርጽ ይለውጣል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ይህን ችሎታ የያዘው መመሪያ ፕላዝሚድ በሚባል ትንሽ ቀለበት ላይ ተጽፎ ከአንዱ ባክቴሪያ ወደ ሌላው መተላለፉ ነው። ዘመድ መሆን እንኳ አይጠበቅባቸውም፤ ኢ ኮላይ ከሚባለው የአንጀት ባክቴሪያ ወደ ሌላው፣ ወደ ክሌብሴላ፣ ያልፋል። በአንድ ቀለበት ላይም የአራትና የአምስት መድኃኒት መቋቋሚያ አንድ ላይ ሊሰፍር ይችላል። ስለዚህ በሴፍትሪያክሶን የተመረጠ ጀርም ሌሎቹን አንቲባዮቲኮች ጄንታማይሲንንና ሲፕሮንም፣ አንድም ቀን ሳያያቸው፣ ተቋቁሞ ይገኛል።

ጓንቱና የውሃ ጠርሙሱ

በወረርሽኝ ጊዜ በጽኑ ሕሙማን ክፍል አራት የባክቴሪያ ስሞች ይደጋገማሉ። ክሌብሴላ ከአንጀት ይነሣል። ስታፊሎኮከስ ቆዳና አፍንጫ ላይ ይኖራል፣ በካኑላ (መድኃኒት ለመስጠት ደም ሥር ውስጥ በሚተከለው ቀጭን ቱቦ) ቀዳዳ ይገባል። አሲኔቶባክተር ደረቅ ቦታ ላይ ለሳምንታት የሚቆይ ነው፦ የአልጋ ብረት፣ የደም ግፊት መለኪያ ጨርቅ፣ ጣት ላይ የሚቆነጠጠው የኦክስጅን መለኪያ፣ የበር እጀታ። ሱዶሞናስ ደግሞ እርጥበት ወዳድ ነው፤ የእጅ መታጠቢያ ሳፋ፣ የመጥረጊያ ጨርቅ፣ የአክታ መምጠጫ ቱቦ ቤቱ ነው።

ጓንት ላይ ረዘም አድርገን እንቆይ፤ ብዙ ጥፋት የተሠራው በእሱ ነውና። በኮሮና ጊዜ ሠራተኛው ራሱን ከቫይረሱ ለመጠበቅ ሁለት ጓንት ደርቦ፣ ጋውን ለብሶ ይገባ ነበር። ያን ልብስ ማውለቅና መልበስ ጊዜ ይፈጃል፤ ቁጥሩም ጥቂት ነበር። ስለዚህ በአንድ ጓንት ከአልጋ 1 እስከ አልጋ 6 ይዞራል። ጓንቱ ሠራተኛውን ጠብቆታል። ታማሚዎቹን ግን ምን ጠበቃቸው? በአልጋ 1 የሽንት ከረጢት የነካው ጣት በአልጋ 2 የካኑላ ጫፍ ይከፍታል። የኮሮና ክፍሎችን አሲኔቶባክተር የወረሳቸው አንዱ መንገድ ይህ ነው። ጓንት በየታማሚው ይቀየራል፤ ከወለቀ በኋላም እጅ በአልኮል ይታሻል፣ ጓንት ሲወልቅ እጅ መነካካቱ አይቀርምና።

ይህ የድሃ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ባወጣው ዘገባ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ዓ.ም. ሆስፒታል ውስጥ የሚይዙ መድኃኒት የተላመዱ ኢንፌክሽኖችም፣ በእነሱ የሚሞተው ሰውም፣ ቢያንስ በ15 በመቶ ጨምረዋል። ከሁሉ የበለጠ የጨመረው እነ ሜሮፔነምን፣ ማለትም ሌላው ሲያቅት የሚሰጡትን ጠንካራ አንቲባዮቲኮች፣ የተላመደው አሲኔቶባክተር ነው፤ በ78 በመቶ።

ከጓንቱ ቀጥሎ ሁለተኛው የጀርም መንገድ የኦክስጅኑ ውሃ ጠርሙስ ነው፤ ሂዩሚዲፋየር የሚሉት፣ ኦክስጅኑ ቡልቅ ቡልቅ እያለ የሚያልፍበት። ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ የቆመ ውሃ ለሱዶሞናስ ድግስ ነው። የሚደረገው ስህተት ውሃው ሲጎድል ከቧንቧ ወይም ከሃይላንድ ጠርሙስ ቀሪው ላይ መጨመር ነው። መጨመር አይገባም። በቀን አንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ተደፍቶ፣ በሳሙና ታጥቦ፣ በማጽጃ ኬሚካል ተዘፍዝፎ፣ ተለቅልቆ፣ በደንብ ደርቆ፣ ከዚያ በተጣራ የሆስፒታል ውሃ እስከ መስመሩ ይሞላል። የተጣራው ካልተገኘ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ይሁን። አንድ ታማሚ ሲወጣ ጠርሙሱም የአፍንጫ ቱቦውም ለሌላ ታማሚ እንዲሁ አይተላለፍም። ከዚህም በላይ፣ በአፍንጫ ቱቦ በደቂቃ እስከ 4 ሊትር ለሚወስድ አዋቂ ጠርሙሱ ጭራሽ አስፈላጊ አይደለም፤ አፍንጫ ራሱ አየሩን ያረጥበዋል። የማያስፈልግ ጠርሙስ ከግድግዳው ቢወርድ ከማጠቡም ይቀላል።

ካልቸር፦ ጀርሙን አይቶ መምታት

ካልቸር ማለት ከታማሚው በተወሰደ ናሙና ውስጥ ያለውን ጀርም ላብራቶሪ ውስጥ አብቅሎ መለየት ነው። ትኩሳት ሲመለስ መድኃኒት ከመቀየር በፊት ናሙና ይወሰድ። ቅደም ተከተሉ ሲዛነፍ ነው ነገሩ የሚበላሸው፤ አዲሱ መድኃኒት ከገባ በኋላ የተወሰደ ደም ላይ ጀርሙ ላይበቅል ይችላል፤ «ምንም የለም» የሚለው ውጤትም ያሳስታል።

ለደም ካልቸር ቆዳው በ70 በመቶ አልኮል በደንብ ይታሽና እስኪደርቅ ይጠበቃል። ካጸዱ በኋላ ደም ሥሩን በጣት መልሶ መነካካት ድካሙን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል። የጠርሙሱ ጎማ ክዳንም በአልኮል ይጠረጋል። ለአዋቂ በአንድ ጠርሙስ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ደም፣ ከሁለት የተለያየ ቦታ ይወሰዳል። 2 ሚሊ ሊትር ብቻ ቀድቶ መላክ የተለመደ ስህተት ነው፤ በደም ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ቁጥሩ ጥቂት ስለሆነ በትንሽ ደም ያመልጣል። ከሁለቱ ቦታ በአንዱ ብቻ የቆዳ ጀርም ከበቀለ ከቆዳ የመጣ ብክለት ሊሆን ይችላል፤ ሁለት ቦታ የሚወሰደውም ስለዚህ ነው።

አክታ ሲባል ምራቅ አይደለም። አፍ በውሃ ተጉመጥምጦ፣ ከጥልቅ ተስሎ የወጣ መሆን አለበት። ላብራቶሪው በማይክሮስኮፕ ሲያየው የአፍ ሽፋን ሕዋስ በብዛት ካገኘበት ምራቅ ነውና ይመልሰዋል፤ መመለሱም ልክ ነው። አክታ በ2 ሰዓት ውስጥ ላብራቶሪ ካልደረሰ ፍሪጅ ይገባል። የደም ጠርሙስ ግን ፍሪጅ አይገባም። ከወረዳ ሆስፒታል ወደ ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ናሙና ሲላክ ሁለቱን በአንድ የበረዶ ሳጥን ጠቅልሎ መላክ የደሙን ጠርሙስ ያበላሸዋል።

ላብራቶሪው የበቀለውን ጀርም በጄሊ ሳህን ላይ ዘርቶ፣ መድኃኒት ውስጥ የተነከሩ ትናንሽ ክብ ወረቀቶች ያስቀምጥበትና በ35 ዲግሪ ከ16 እስከ 18 ሰዓት ያቆየዋል። መድኃኒቱ የሚገድለው ከሆነ በወረቀቱ ዙሪያ ባክቴሪያ ያልበቀለበት ጥርት ያለ ክብ ይታያል፤ የክቡ ስፋት በሚሊ ሜትር ይለካል። ጀርሙ እስከ ወረቀቱ ጥግ ድረስ ከበቀለ መድኃኒቱ እዚያ ሰው ላይ አይሠራም። ሁሉም ተደምሮ ውጤቱ በ3 ወይም በ4 ቀን ይደርሳል። የመጀመሪያው ፍንጭ፣ ማለትም የጀርሙን ቀለምና ቅርጽ የሚያሳየው የግራም ቀለም ምርመራ፣ ናሙናው ላይ በ1 ሰዓት ውስጥ ሊሠራ ይችላል፤ ይጠየቅ።

ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው፣ በአክታ ወይም በሽንት ቱቦ ላይ ጀርም መብቀሉ ብቻ በሽታ ማለት አይደለም። ቱቦ የገባለት ሰው ላይ ባክቴሪያ ሳይጎዳ ሊሰፍር ይችላል፤ የሽንት ቱቦ ብቻውን በየቀኑ ከ3 እስከ 7 በመቶ ለሚሆኑት ታማሚዎች ሽንት ውስጥ ባክቴሪያ ያስገባል። ሰውየው ካልታመመ ወረቀቱ አይታከምም። ሁለተኛው፣ የነጭ ደም ሕዋስ መብዛት ነው። ዴክሳሜታዞን ራሱ ያበዛዋል። ኮሮና ብቻውንም ሲ አር ፒን፣ ማለትም ሰውነት ሲቆጣ በደም ውስጥ የሚጨምረውን ፕሮቲን፣ ያንረዋል። በእነዚህ ቁጥሮች ብቻ «ባክቴሪያ አለበት» ብሎ መድኃኒት መደራረብ ተደጋግሞ የታየ ስህተት ነው። ይልቅ የሚያሳምነው አንድ ላይ የመጣ ነገር ነው፦ አዲስ ትኩሳት፣ መግል የመሰለ አክታ፣ ከፍ እያለ የሄደ የኦክስጅን ፍላጎት፣ በራጅ የታየ አዲስ ጥላ።

የደም ግፊቱ የወረደ፣ አእምሮው የተዘባረቀ ሰው ላይ ግን ውጤት አይጠበቅም። ናሙናው ተወስዶ ወዲያው በ1 ሰዓት ውስጥ ሰፊ፣ ማለትም ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ የሚመታ፣ መድኃኒት ይጀመራል። ከ48 እስከ 72 ሰዓት ውስጥ ግን ተመልሶ መታየት አለበት፦ ካልቸሩ ምን አለ? ማጥበብ ይቻላል? ማቆምስ? የተጀመረ መድኃኒት ማንም ሳያየው 14 ቀን የሚሄደው ይህ ጥያቄ ሳይጠየቅ ሲቀር ነው። ሆስፒታል ውስጥ ለያዘ የሳንባ ምች፣ ሰውየው እየተሻለው ከሆነ፣ 7 ቀን አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

መድኃኒት ከውጭ ግዙ ሲባል ቤተሰብ ሙሉ ሒሳቡን ይጠይቅ። ሜሮፔነም ኩላሊቱ ደኅና ለሆነ አዋቂ በተለምዶ 1 ግራም በየ8 ሰዓቱ ነው፤ ለ7 ቀን 21 ብልቃጥ ማለት ነው። ለ3 ቀን ብቻ ገንዘብ ካለ ይህን ለሐኪሙ ከመጀመሪያው ንገሩት፤ ሌላ አማራጭ ይኖር እንደሆነ ያያል። በቀን ሦስት ጊዜ የሚሰጠውን በቁጠባ ሁለት ጊዜ ማድረግ ጀርሙን ሳይገድሉ ማሠልጠን ነው። «ሲስተር፣ የሌሊቱ መርፌ ስንት ሰዓት ላይ ነው?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

አስታማሚው የሚይዘው ሥራ

ከመድኃኒቱ ሁሉ በፊት ያለው እጅ ነው። በሚታይ ነገር የቆሸሸ እጅ በሳሙናና በውሃ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ይታጠባል። ካልቆሸሸ አልኮል ይበልጣል፤ መዳፍ ሞልቶ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ እስኪደርቅ ማሸት ነው፤ አውራ ጣትና የጣት ጫፍ ይረሳሉ። ታማሚውን ከመንካት በፊትና በኋላ፣ ከማጉረስ በፊት፣ ሽንት ወይም ሰገራ ካነሡ በኋላ፣ አልጋውንና ዕቃውን ከነኩ በኋላ። አጠገቡ ያለውን የሌላ ሰው ታማሚ «እስኪ ላቃናልህ» ብሎ ደግፎ መመለስ የእኛ ሰው ደግነት ነው፤ እጅን በመካከል ማሸት ብቻ ይጨመርበት።

አረቄ አልኮልን አይተካም። እጅ ለማጽዳት አልኮሉ ቢያንስ 60 በመቶ መሆን አለበት፤ ዳግም አረቄ እንኳ እዚያ አይደርስም። ሆስፒታሉ ራሱ ማዘጋጀት ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ቀመር ለ10 ሊትር ይህ ነው፦ 96 በመቶ ኢታኖል 8,333 ሚሊ ሊትር፣ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ 417 ሚሊ ሊትር፣ 98 በመቶ ግሊሰሪን 145 ሚሊ ሊትር፤ ከዚያ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ 10 ሊትር ይሞላል። ተሸፍኖ 72 ሰዓት ይቀመጣል፤ ፐርኦክሳይዱ ጠርሙሱ ውስጥ ያሉትን የባክቴሪያ ዘሮች የሚገድለው በዚያ ጊዜ ነው። በሥራ ብዛት ይህ ቀን ሲዘለል ታይቷል፤ መዘለል የለበትም።

የአልጋ ብረትና ጠረጴዛ መጀመሪያ በሳሙና ይታጠባል፤ በረኪና በቆሻሻ ላይ ሲፈስ ኃይሉን ቆሻሻው ይበላዋል። ዕቃው ላይ 5 በመቶ የሚል በረኪና ከሆነ አንድ እጅ በረኪና በ49 እጅ ውሃ ለገጽ ማጽጃ፣ አንድ እጅ በ9 እጅ ውሃ ደም ለፈሰሰበት ይሆናል። ተቀብቶ 10 ደቂቃ ይቆያል። የተበጠበጠው በየቀኑ ይታደሳል፤ ያደረ በረኪና ሽታው ይኖራል፣ ጉልበቱ ግን የለም። ከአሲድ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር ከተቀላቀለ ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ይወጣዋል። ሰው ላይ አይረጭም።

አልጋው ከራስጌው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ቀና ይበል፤ ማኒቬላው (የአልጋው ማንሻ) ከተበላሸ በትራስ ወይም በታጠፈ ብርድ ልብስ ይደገፍ። ጥርስ በቀን ሁለት ጊዜ ይፋቅ፤ ራሱን ለማያውቅ ሰው በጨርቅ ይጠረግ። ወደ ሳንባ የሚወርደው የአፍ ምራቅ ነውና ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የሽንት ከረጢቱ ከፊኛ በታች ይንጠልጠል፣ ወለል ግን አይንካ። በየጠዋቱ ሐኪም ሲዞር አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ይህ ቱቦ ዛሬም ያስፈልገዋል?» የማያስፈልግ የሽንት ቱቦና የማያገለግል ካኑላ በወጣ ቁጥር አንድ በር ይዘጋል። ካኑላው ዙሪያ ከቀላ፣ ካበጠ ወይም ካመመ ወዲያው ለነርስ ይነገር።

ብዙው ነገር የሚጀመረው ግን ከሆስፒታል በፊት ነው። ትኩሳትና ሳል ሲጀምር ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ አሞክሳሲሊን ወይም አዚትሮማይሲን ገዝቶ፣ ከጎረቤት የተረፈ ሲፕሮ ተቀብሎ፣ ለሦስት ቀን ውጦ የሚመጣ ሰው ሆስፒታል ሲደርስ አንጀቱ አስቀድሞ ተጠርጓል። ሲፕሮና ሌቮፍሎክሳሲን ሌላም ጣጣ አላቸው፤ የሳንባ ነቀርሳን ለጊዜው አቀዝቅዘው ምርመራውን ያዘገዩታል። ሳል ከሁለት ሳምንት ባለፈበት ሰው ላይ ይህ አደገኛ ነው። ቤት የተወሰደውን ሁሉ፣ ስሙ ካልታወቀ ባዶ ማሸጊያውን፣ ይዛችሁ ኑ፤ ለሐኪሙ ከብዙ ጥያቄ ይበልጠዋል።

ታማሚው ድኖ ሲወጣም የተላመደው ጀርም አንጀቱ ውስጥ ለወራት ሊቀር ይችላል። ቤቱ ውስጥ ደኅና ሰው ይሆናል፤ ሰገራ ቤት ከተጠቀመ በኋላ እጁን በሳሙና ከታጠበ ለቤተሰቡ ልዩ ክፍልም ልዩ ሰሃንም አያስፈልገውም። የካልቸር ውጤት ያለበትን ወረቀት ግን አትጣሉ። የጀርሙ ስም፣ ከመድኃኒቶቹ አጠገብ የተጻፈው «ኤስ» (ይሠራል) እና «አር» (አይሠራም) በግልጽ እንዲታይ አድርጋችሁ በስልክ ፎቶ አንሡት፤ ወረቀቱን ከካርዱ ጋር አስቀምጡ። በስድስት ወር ውስጥ ያው ሰው ለሽንት ሕመም ወይም ለቀዶ ሕክምና ፍኖተ ሰላምም ይሁን ዳንግላ ቢገባ፣ ያን ፎቶ መጀመሪያ ለሚያየው ሐኪም አሳዩት።